አባቱን የፈታ ሰው

ኑርልኝ ይመር አባቱን የፈታው በጥቅምት ወር፣ ሰው ሁሉ አባትና እናቱን በሚፈታበት ሰሞን ነበር። በኮምቦልቻ ያን ጊዜ ነገሩ ማንንም አያስደነግጥም። ጎረቤት ከጎረቤት አሳንሰር ውስጥ ሲገናኝ «እናንተስ ጨረሳችሁ?» ይባባላል። «የእናቴ አልቋል፤ የአባቴ ቀጠሮ ገና ነው» ይላል ሌላው። ከዚያ ስለ ሙቀቱ ያወራሉ።

ምክንያቱ ቤት ነበር። የቤት ድልድል ቢሮው ከቦርከና ወንዝ ማዶ ያሠራቸውን ረጃጅም ሕንፃዎች ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን ብቻ ለመስጠት ወስኗል። ጧሪ የሌለው ማለት በሕጉ ልጅ የሌለው ማለት ነው። ልጅ ያለው ሰው ደግሞ የዝምድና ፍቺ ከፈጸመ ልጅ እንደሌለው ይቆጠራል። የዝምድና ፍቺ ሕግ የወጣው ልጆቻቸው ለሚደበድቧቸውና ንብረታቸውን ለሚነጥቋቸው ወላጆች ታስቦ ነበር። ቤቶቹ ከተሠሩ በኋላ ግን ከሚዋደዱ ቤተሰቦች በቀር የሚጠቀምበት ጠፋ። በአያት በቅድመ አያት ዘመን ባልና ሚስት ለኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲሉ በወረቀት ይፋቱ ነበር ይባላል። ይህም የዚያው ተወላጅ ነው።

ኑርልኝ በደረቅ ወደቡ የጭነት ተቆጣጣሪ ነበር። ሚስቱ መዲና መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ልጃቸው ኢክራም ትምህርቷን ጨርሳ ታጭታለች። አባቱ ጋሽ ይመር እንድሪስ በወጣትነታቸው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ሲጠግኑ የኖሩ፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ ሰው ናቸው። የሚተኙት ሳሎን ውስጥ ነው። ሌላው ከመነሣቱ በፊት ሰግደው፣ ፍራሻቸውን አጥፈው፣ ማንም እንዳልተኛበት አድርገው ሶፋውን ያስተካክላሉ።

ስለ ፍቺው ቀድማ ያነሣችው መዲና ናት። ኑርልኝ ግን ከእሷ በፊት አስቦት፣ እሷ እስክትናገረው ይጠብቅ ነበር።

«ወረቀት ብቻ ነው አባባ» አለች መዲና አንድ ቀን እራት ላይ። «እርስዎ እዚሁ ከእኛ ጋር ነዎት። ኢክራም ስታገባ እዚያ ትገባለች፤ ሌላ የሚለወጥ ነገር የለም።»

«ቤቱ በእኔ ስም?» አሉ ጋሽ ይመር።

«በእርስዎ ስም።»

«እንግዲህ ለኢክራም ቤት ከሆነላት እኔን ምን ቸገረኝ» አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተስ? ትፈልጋለህ?»

«ለጊዜው ነው አባዬ» አለ ኑርልኝ።

የተጠየቀው ሌላ ነበር። አባቱም ያን አውቀው ወደ ሳህናቸው ተመለሱ።

የቤተሰብ ችሎቱ በአንድ የገበያ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከጫማ መደብርና ከጥርስ ሐኪም መካከል ነው። ክፍሉ ውስጥ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ወንበሮች እንጂ ሰው የለም። ዳኛው ድምፅ ብቻ ነው። ተከራካሪ እንዲረጋጋ ተብሎ የወሎ ለዛ ተሰጥቶታል፤ «እናንተዬ» እያለ ነው የሚጀምረው። ጋሽ ይመር ለዒድ የሚለብሱትን ኮት ለብሰው ነበር የመጡት።

መጀመሪያ ለየብቻ ተጠየቁ። ያስገደዳችሁ አለ ወይ? የለም። ከዚያ አንድ ላይ ተቀመጡና ድምፁ አነበበላቸው።

«ከዛሬ ጀምሮ አንዳችሁ ለሌላችሁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ የለባችሁም። አንዳችሁ የሌላችሁ ወራሽ አትሆኑም። አንዳችሁ ብትታመሙ ለሌላው አይነገርም፤ ብትሞቱም አስከሬኑን ሌላው አይረከብም። የአንዳችሁ ቤት ለሌላችሁ የእንግዳ ቤት ነው። ገብቷችኋል?»

«ገብቶናል» አለ ኑርልኝ።

ጋሽ ይመር እንደ ተማሪ እጃቸውን አወጡ። «ስሙስ?»

«የትኛው ስም?»

«የእሱ። ኑርልኝ ይመር ነው የሚባለው።»

«የአባት ስም ከዝምድናው ጋር አብሮ ይወርዳል» አለ ድምፁ። «ኑርልኝ ብቻ ይባላሉ። ከፈለጉ ሌላ መጨመር ይችላሉ።»

«አሃ» አሉ ጋሽ ይመር። ሌላ ጥያቄ አልነበራቸውም።

ቀጥሎ እየተያዩ የሚናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ኑርልኝ መራራ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው በፍጥነት «ይህ ሰው አባቴ አይደለም» አለ። ጋሽ ይመርም መሬት መሬት እያዩ ተናገሩ። ድምፁ ግን «በግልጽ አልተሰማም፤ እባክዎ ይድገሙት» አላቸው። ቀና ብለው ልጃቸውን እያዩ ደገሙት።

ሲወጡ ኑርልኝ ጭማቂ ቤት ወሰዳቸው። አባትየው የአቮካዶ ጭማቂያቸውን በማንኪያ እያነሡ «ዛሬ ደግሞ የማላውቀው ሰው ጋበዘኝ» ብለው ቀለዱ። ሁለቱም ሳቁ። ቀልዱ ጥሩ ቀልድ ነበር።

ያን ዕለት ማታ የቤቱ በር ከዚያ በፊት ጠይቆ የማያውቀውን ጠየቀ።

«እንግዳዎ እስከ መቼ ይቆያሉ?»

መዲና ይህን አላሰበችበትም። ዘመድ ያልሆነ ሰው ጥቂት ቀን እንጂ ከዚያ በላይ ማደር አይፈቀድለትም። በሩ በየማታው በትሕትና ይጠይቃል፤ ሰዎቹም ይመልሳሉ። ሳምንቱ ሲያልቅ ግን መጠየቁን ትቶ ማስጠንቀቅ ጀመረ። እናም ጋሽ ይመር ፍራሻቸውንና አንድ ሻንጣ ይዘው ወደ ማዶ ተሻገሩ።

«ለጊዜው ነው» አለ ኑርልኝ ፍራሹን ሲያወርድ።

«ብለኸኛል እኮ» አሉ አባቱ።

ማዶ ያሉት ሕንፃዎች ንጹሕ ናቸው። ውኃ አይጠፋም፤ አሳንሰሩ ይሠራል። በየበሩ ላይ ጧሪ የሌላቸው መሆናቸውን የሚያሳይ አረንጓዴ ምልክት አለ። ከምልክቱ ጀርባ የሚኖሩት ሁሉም ማለት ይቻላል እዚያው ከተማ ውስጥ የሚሠሩ፣ የሚነግዱ፣ የሚያስተምሩ ልጆች አሏቸው። ሲመሽ አረጋውያኑ በረንዳ ላይ ይወጡና ከወንዙ ወዲህ ያሉትን መስኮቶች ይመለከታሉ። እያንዳንዳቸው የሚያዩትን መስኮት ያውቁታል። መብራቱ ሲበራ «ገቡ» ይላሉ፤ ሲጠፋ «ተኙ» ብለው እነሱም ይገባሉ።

ቢሮው ሞኝ አልነበረም። የማስመሰል ፍቺ የሚባል ወንጀል በሕጉ ውስጥ ገብቷል። የተፋታ ሰው የፈታውን ሰው ደጋግሞ ከጎበኘ በሩ ያስታውሳል፤ ስልኩም ያስታውሳል። ቤቱ ይወሰዳል፤ ቤተሰቡም በሙሉ ከቤት ድልድል ይታገዳል።

«በየሳምንቱ ከሄድክ ያውቁብናል» አለች መዲና። «ኢክራም እስክታገባ ብቻ እንታገሥ።»

ኑርልኝ ታገሠ። መጀመሪያ በወር አንዴ ይሄድ ነበር። እየቆየ የሥራ ስብሰባ ሲደረብበት አንዱን ወር ዘለለ፤ ከዚያ ሌላውን። ሲደውል በአባቱ ስልክ ላይ «የማይታወቅ ሰው እየደወለ ነው» የሚል ይሰማል። ጋሽ ይመር ያነሡታል። ስለ ጉልበታቸው ሲጠየቁ «ደኅና ነው» ይላሉ። ስለ ምግባቸውም «ደኅና ነው» ይላሉ። ከዚያ ስለ ኢክራም ይጠይቃሉ። ንግግሩ አጭር ስለሆነ ማንንም አያስጠረጥርም። ኑርልኝ ስልኩን ሲዘጋ ቅልል ይለዋል፤ ቅልል እንዳለው ሲታወቀው ደግሞ ወዲያው ሌላ ሥራ ይፈልጋል።

በደረቅ ወደቡ ጠዋት ጠዋት ስም ሲጠራ ጠሪው «ኑርልኝ» ብሎ ቀጣዩን ቃል እንደሚጠብቅ ሰው ትንሽ ያቆማል። ቃሉ የለም። ያን ዓመት ባለ አንድ ስሞች በዝተው ስለነበር ጠሪው ቶሎ ለመደው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ኑርልኝ ከሥራ ወጥቶ ገበያው አጠገብ ባለው የባቡር ጣቢያ ሲቆም፣ ከሰው መካከል አባቱን አየ። ጋሽ ይመር በፌስታል ቲማቲም ይዘው በግድግዳው በኩል ቆመዋል። ከስተዋል። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ጋሽ ይመር ወዲያው ፊታቸውን መለሱ፤ ልጃቸውን ለመጠበቅ ብለው ነው። ማንም ሳያስተምራቸው የለመዱት ነገር ነው።

ኑርልኝም ፊቱን መለሰ። የሚቀጥለው ባቡር የሚመጣበትን ሰሌዳ ማየት ጀመረ።

አንድ ነገር ሲወድቅ ሰምቶ ዞረ። ቲማቲሙ ወለሉ ላይ ይንከባለላል። አባቱ በጎናቸው ወድቀዋል። ሰዉ ከበበ፤ ኑርልኝም ከሰዉ ጋር ሄዶ ከፊት ቆመ። የነፍስ አድን ሠራተኛው ፈጥኖ ደረሰ። ተንበርክኮ የሽማግሌውን የእጅ ትርታ ከዳሰሰ በኋላ ቀና ብሎ ጮኸ።

«ዘመድ ያለ? የእኚህ አባት ዘመድ የሆነ?»

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ዘመድ ያልተገኘለት በሽተኛ አስታማሚ ወደማይገባበት ማቆያ ነው የሚወሰደው። እዚያ የሚያጎርሰውም፣ የሚያገላብጠውም ማሽን ነው። «እኔ ነኝ» ያለ ሰው ግን ሁሉንም ግዴታ በዚያች ቃል ይቀበላል፤ ቀለቡን፣ ማስታመሙን፣ መቅበሩን። የተፋታ ልጅ ያን ቃል ከተናገረ ማስመሰሉን በራሱ አፍ አመነ ማለት ነው።

ኑርልኝ አፉን ከፈተ። ኢክራምን አሰበ። ሠርጉን አሰበ። ሥራ ቦታ የሚወራውን አሰበ።

ሠራተኛው ከሁሉም የቀረበው እሱ ስለነበር ወደ እሱ ዞረ። «እርስዎ ያውቋቸዋል?»

«አይ» አለ ኑርልኝ። «በመንገድ… አልፎ አልፎ አያቸዋለሁ።»

«እኔ ነኝ» አለች አንዲት ሴት።

አጭር፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች ሴት ነበረች። በክርኗ ሰዉን ገፍታ ገባች።

«ምናቸው ነዎት?»

«እህታቸው። ትርንጎ እባላለሁ።»

«በሕግ የሚያስከትለውን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። ወሬውን ተወውና አንሣቸው ልጄ!»

አነሷቸው። ሴትዮዋ ቃሬዛውን በአንድ እጇ ይዛ አብራ ሄደች። ሰዉ ተበተነ። የኑርልኝ ባቡር መጣ፤ ኑርልኝም ተሳፈረ። ቤቱ ገብቶ ለመዲና ምንም አልነገራትም። እራት ቀረበለት፤ በላ። በኋላ፣ ያን ቀን በሚያስታውስበት ጊዜ ሁሉ፣ ከጣቢያው ይልቅ ፊቱን በእጁ የሚያስሸፍነው ያን እራት ምንም ሳያስተርፍ መጨረሱ ነበር።

በነጋታው ወደ ሆስፒታሉ ሄደ።

«ይመር እንድሪስ የሚባሉ በሽተኛ ትናንት ገብተዋል» አለ መግቢያው ላይ።

«ምናቸው ነዎት?» አለው የመግቢያው ድምፅ።

«ምንም» አለ ኑርልኝ።

«ይቅርታ፤ ስለ በሽተኞች ለዘመድ ካልሆነ አንናገርም። መልካም ቀን።»

አጥሩ ሥር ቆመ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ትርንጎ ባዶ የተልባ ጠርሙስ ይዛ ስትወጣ አየችውና ቀጥ ብላ መጣች።

«ትናንት አይቼዎታለሁ» አለች። «አፍንጫችሁ አንድ ነው። ያኔ ነው ያወቅሁት።»

ኑርልኝ ሳያስበው አፍንጫውን ነካ።

«ግራ ጎናቸው ዝሏል። አፋቸው ግን ይናገራል። ይድናሉ ብለዋል በእግዜር ፈቃድ» አለች። ከዚያ እሱ ሳይጠይቃት ቀጠለች። «እኔ ከእሳቸው በር አጠገብ ነኝ። አልፎ አልፎ ሹሮዬን እወስድላቸዋለሁ፤ እሳቸው ቧንቧዬን ይሠሩልኛል። ከዚህ ሌላ ዝምድና የለንም። እኔም ልጆች አሉኝ። ሁለቱም እዚሁ ከተማ ናቸው። አንደኛዋ ስልክ ትደውላለች፤ ደኅና ልጅ ናት።»

«ቤትዎስ?» አለ ኑርልኝ። «ዘመድ አለኝ ካሉ…»

«አዎ፤ ወንድምና እህት ከሆንን ሁለት ቤት አይገባንም። ማታውኑ በስልክ አንዱን መልሰናል።» ጠርሙሷን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች። «የእሳቸውን ነው የመለስነው፤ የእኔ ለውኃው ይቀርባል። እሱንም ቢሆን የሰጡን እህትነቱ እስከ ጸና ድረስ ነው። እንግዲህ እንዳላፈርስባቸው ነው የምፈራው።»

ኑርልኝ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የመጣበት ሐሳብ የአባቱ አልነበረም። ቤቱ መሄዱን ለመዲና እንዴት እንደሚነግራት ነበር ያሰበው። ሐሳቡን ሴትዮዋ ፊቱ ላይ ያነበበችው መስሎት አንገቱን ደፋ። እሷም «በሉ ልሂድ፤ ሳይርባቸው ምግብ ላምጣ» ብላ ወደ መንገዱ ተሻገረች።

ማታ ለሁለቱም ነገራቸው። መዲና አለቀሰች። «እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ ያመጣሁት» አለች። ኢክራም አላለቀሰችም።

«አባዬ፣ ሲወድቅ አጠገቡ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ተጠይቀህ አላውቀውም አልክ?»

«ለአንቺ ብዬ ነው።»

«እኔ አልጠየቅሁህም» አለች ኢክራም። «ማናችሁም አልጠየቃችሁኝም።» ተነሥታ ገበታውን ማንሣት ጀመረች። ሳህኖቹን ቀስ አድርጋ ነበር የምታስቀምጠው፤ ብትወረውራቸው ይሻለው ነበር።

በዚያ ሳምንት ኑርልኝ ወደ ችሎቱ ተመለሰ። ከአንዱ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀመጠ።

«እናንተዬ» አለ ድምፁ፤ ከዚያ አንድ ሰው መሆኑን አውቆ አስተካከለ። «ምን ላግዝዎት?»

«አባቴ ነው» አለ ኑርልኝ። «ያኔ የተናገርኩት ውሸት ነው። ለቤት ብዬ ነው።»

«ይህ የወንጀል ቃል መሆኑን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ከድልድል ይታገዳሉ። የሥራ ደረጃዎ ዝቅ ይላል።»

«ይሁን።»

«ቃልዎ ተይዟል» አለ ድምፁ። «ዝምድናው የሚመለሰው ግን ሌላኛው ወገን ብቻቸውን ተጠይቀው ሲፈቅዱ ነው። መልሱ ይደርስዎታል።»

መልሱ የደረሰው ጋሽ ይመር ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ነበር። አልፈቀዱም። ኑርልኝ ምክንያቱን ሲጠይቅ ድምፁ በለዛው «ምክንያት የመናገር ግዴታ የለባቸውም» አለው።

ወደ ማዶ ሄደ። አሁን የሚደበቅ ነገር ስላልነበረ በፀሐይ ነው የሄደው። የትርንጎ በር ስሙን ጠይቆ አስገባው። አባቱ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ተቀምጧል።

«ይግቡ» አሉ ጋሽ ይመር።

ኑርልኝ ከኋላው ሌላ ሰው የገባ መስሎት ዞር አለ። ማንም የለም።

«ይቀመጡ እንጂ» አሉት።

«አባዬ፣ ለምን እንዲህ ትለኛለህ?»

«ታዲያ ምን ልበልዎት?»

ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። ለባንክ ሠራተኛ፣ ለማያውቁት መንገደኛ እንደሚናገሩት ነበር የሚናገሩት። ኑርልኝ ተቀመጠ። ትርንጎ «ውኃ ላምጣ» ብላ ወደ ውስጥ ገባች፤ ውኃውን ሳታመጣ ብዙ ቆየች።

«ጣቢያው ላይ ራሴን አልሳትኩም ነበር» አሉ ጋሽ ይመር። «ዓይኔ ነው የተከደነው፤ ጆሮዬ ይሰማል። ዘመድ ያለ ሲል ሰማሁት። እንግዲህ ቆሟል፣ ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ድምፅዎንም ሰማሁ።»

ኑርልኝ ጫማውን ያይ ነበር። «ይቅር በለኝ» አለ።

«ይቅር ብያለሁ። ያን ዕለት ነው ይቅር ያልኩት። የእኔም እጅ አለበት፤ እሺ ብዬ ያ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልፈቀድክም?»

ጋሽ ይመር በደኅናው እጃቸው ግራ እጃቸውን አነሡና አስተካክለው አስቀመጡት። «ልጅ አለኝ ካልኩ የትርንጎ እህትነት ይፈርሳል። ሕጉ እንደዚያ ነው፤ አስነብቤዋለሁ። እህትነቱ ከፈረሰ ቤቷን ታጣለች፤ ዋሽታለች ተብላም ትጠየቃለች። እሷ ስትጠየቅ አላመነታችም። እኔ ስጠየቅ እሷን ልሽጣት?»

ኑርልኝ ትርንጎ ወደ ገባችበት በር ተመለከተ።

«ሌላም አለ» አሉ ጋሽ ይመር ዝቅ ባለ ድምፅ። «አፍሬያለሁ። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ሲያይ ወለል ላይ ተኝቼ፣ ልጄ አላውቀውም ሲል ሰማሁ። ያፈርኩት በእርስዎ ብቻ እንዳይመስልዎት። በራሴም አፍሬያለሁ። ሁለተኛ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስለ እርስዎ መጠየቅ አልችልም። ከዚህ በኋላ አቅሙ የለኝም።»

ውኃው መጣ። ኑርልኝ ጠጣ። ሊሄድ ሲነሣ አባቱ «መምጣት ግን ይችላሉ» አሉ። «እንግዳ አይከለከልም።»

ከዚያ ወዲህ ኑርልኝ ዓርብ ዓርብ ይሄዳል። የወንጀሉ ቅጣት ደርሶበት ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ወርዶ ሜዳ ላይ ኮንቴይነር ይቆጥራል፤ ዓርብ ቀን ግን እረፍት አለው። መዲና ምግብ ሠርታ ትሰጠዋለች። እሷ ራሷ አንድ ቀን በር ድረስ መጥታ ሳትገባ ተመልሳለች። ኢክራም አገባች፤ ከባሏ ጋር በሌላ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተዋል። አያቷ ዘንድ ስትመጣ «አብዬ» ብላ ጉልበታቸውን ትስማለች፤ እሳቸውም «ነይ እዚህ፣ አንቺ ቀጭን» ይሏታል። ከእሷ ጋር አነጋገራቸው አልተለወጠም። ኑርልኝ እዚያው ተቀምጦ ይሰማል።

እሱ የሚሠራው ሥራ አለ። የአባቱን ጥፍር ይቆርጣል። ውዱእ ሲያደርጉ ውኃውን ያፈስላቸዋል፤ ግራ እግራቸውን በእጁ ይዞ በጣቶቻቸው መካከል ያጥባል። ጋሽ ይመር በየጊዜው «አላህ ይስጥልኝ» ይሉታል። አንድም ቀን ሳይሉት ቀርተው አያውቁም።

ሙቀቱ በረድ ባለበት አንድ ዓርብ ጋሽ ይመር «በእግሬ መስጊድ ልሂድ» አሉ። ከታመሙ ወዲህ ከቤት ወጥተው አያውቁም። ትርንጎ «ይውደቁብኝና እንተያያለን» ብላ ተቆጣች፤ ከዚያ ራሷ ኮፍያቸውን አምጥታ አደረገችላቸው። ኑርልኝ በግራቸው ሆኖ ክንዳቸውን ያዘ። በአሳንሰር ወረዱ። ግቢውን ቀስ እያሉ አቋረጡ። አባቱ ከበድ ይሉታል፤ ከብዙ ዓመት ወዲህ እንዲህ ተጠግተውት አያውቁም።

መስጊዱ በር ላይ፣ በጥላው ሥር፣ አንድ ነጭ ጢም ያላቸው ሰው ተቀምጠው ጫማቸውን ያወልቁ ነበር። ሁለቱን አዩና ፊታቸው በራ።

«ማሻ አላህ፣ ይመር! ተነሣህ? ልጅህ ነው የያዘህ?»

ኑርልኝ የአባቱ ክንድ በእጁ ውስጥ ሲጠነክር ተሰማው። ጋሽ ይመር ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«አይደለም» አሉ። «ልጄ አይደለም። ሰውዬው እንዲሁ ይረዳኛል።»

«እንዲሁ?» ሽማግሌው በመገረም ቀና ብለው ኑርልኝን ከእግር እስከ ራሱ ተመለከቱት። «የገዛ ልጅ እንኳ በማይገኝበት ዘመን! እርስዎን እንዲህ አድርገው ላሳደጉ ወላጆች አላህ ይዘንላቸው።»



«አሚን» አሉ አባቱ። ጫማቸውን እንዲያወልቅላቸው እግራቸውን አነሡለት፤ ኑርልኝም ተንበረከከ።